ግምገማው ወጥ ቤት ሲገባ

እኔን ያሳደገኝ ግምገማ ነው። አባቴ ከጎንደር ተዛውሮ ሀዋሳ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ መሃል ከተማ ቤት ሠርቶ ስድስት ልጅ አሳደገ። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ስድስታችንንም ደርድሮ ይገመግመን ነበር። ጥንካሬሽ ምንድን ነው? ድክመትሽስ? ለሚቀጥለው ሳምንት ምን አስበሻል? ታናሽ ወንድሜ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ "ድክመቴ ስኳር መስረቅ ነው፣ አሻሽላለሁ" ብሎ ግለ ሂስ ማድረጉን እስከ ዛሬ ስንገናኝ እንስቅበታለን። ኋላም ከሃያ ዓመት በላይ የስፖርት አስተማሪ ሆኜ ስገመግምና ስገመገም ኖርኩ። ማስተማሩን ትቼ በአንድ የወጣቶች ድርጅት የመስክ አስተባባሪ ሆኜ ስቀጠር ይዤው የሄድኩት ሁለት ነገር ነው፤ ፊሽካዬንና ግምገማዬን።

ሥራው ደስ ይላል። ከአስራ አምስት እስከ አስራ ስምንት ዓመት የሆናቸውን፣ ነገር የከበዳቸውን ልጆች እንቀበላለን፤ ከትምህርት የቀሩትን፣ በቤታቸው ሰላም ያጡትን፣ ከሰው ጋር ማውራት ያቆሙትን። ቅዳሜና እሑድ ታቦር ተራራ እናወጣቸዋለን፣ ሐይቁ ላይ ጀልባ መቅዘፍ እናስተምራቸዋለን፣ በመጨረሻም ወንዶ ገነት ጫካ ወስደን ድንኳን እናስተክላቸዋለን። ልጅ ሲራመድና ሲቀዝፍ ልቡ ይፈታል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው፤ ማንም አይከራከረኝም። ያላየሁት አሰልጣኞቹን ነው።

አሰልጣኞቹ አራት ነበሩ፣ ሁሉም ከሠላሳ ዓመት በታች። ልጆቹ "ኮች" ይሏቸዋል፣ እኔን ሁሉም "ቲቸር" ይሉኛል። ቅዳሜ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ልጆቹ ከተሸኙ በኋላ ሐይቁ ዳር በተከራየነው ግቢ አራቱን ወንበር ላይ ደርድሬ ሰሌዳዬን አቆማለሁ። ሰሌዳው ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መፍትሔ። ድክመት በሚለው ሥር የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ ስም የሌለው ድክመት አይታረምም ብዬ አምናለሁና። ልጅ አለቀሰ? የማን ቡድን ነው? ስም። ልጅ ተራራው ወገብ ላይ ቁጭ ብሎ አልነሣም አለ? ስም። አሰልጣኝ ደክሞኛል አለ? እሱማ ስም ብቻ ሳይሆን ምክርም ይጨመርበታል።

በአንድ የሥልጠና ዙር፣ በአምስተኛው ሳምንት ግድም፣ ድክመት የሚለው ቦታ ባዶ ሆነ። አንድም የሚጻፍ ጠፋ። ሥራ አስኪያጃችን መጥቶ ሰሌዳውን አይቶ "ይህንን ነው ቡድን የምለው!" ሲል እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ። እቤቴ እስክደርስ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር። ወይ የኔ ነገር! ድክመቱ መቼ ጠፋ፤ ተደበቀ እንጂ።

ከአራቱ አንዱ ከሁሉም የሚበልጥ ነበር። ሐይቁ ዳር ያደገ የሲዳማ ልጅ ነው፤ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ፣ ጉማሬ የት የት እንደሚወጣ ሳይጠየቅ ያውቃል። ልጆች ሲንጫጩ አይጮህም፤ ዝም ብሎ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ እነሱም ዝም ይላሉ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ከልጆች ጋር ሲጫወት እንደ ውኃ ይፈስለታል፣ ግምገማ ላይ ግን ሦስት ቃል ብቻ ነበረው፤ "ሰላም ነው ቲቸር።" እኔም "ጎሽ!" ብዬ አልፈዋለሁ።

በእሱ ቡድን ውስጥ አንዲት የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ልብስ ትሰፋለች። ልጅቷ ስትመጣ ቀና ብላ ሰው አታይም ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን መቅዘፊያ መያዝ ጀመረች፤ ከእሱ ጀልባ ካልሆነ ግን አልገባም ትላለች። እኔ ይህንን ጥንካሬ የሚለው ሥር ጻፍኩት።

ከዚያ አሰልጣኙ ልጅ መበላሸት ጀመረ። እንዲያ ነበር ያልኩት፣ "ተበላሸ"። ያረፍዳል። ዓይኑ ቀልቷል። ስልኩን ከእጁ አይለይም፤ ስናወራው እንኳ ወደ ስልኩ ነው የሚያየው። እኔ ፍቅር ይዞት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ከልጆቹ የአንዱ ላይፍ ጃኬት ማሰሪያ ሳይታሰር ጀልባ አስነሣ። እንደ አጋጣሚ እኔ ዳር ቆሜ ስለነበር በፊሽካ መለስኩት። ደሜ ፈላ። ልጆቹ፣ ዓሣ አጥማጆቹ፣ ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ሁሉ እየሰሙ ለቀቅኩበት። "የሰው ልጅ ነው የያዝከው ወይስ ከረጢት? እንቅልፍ አምሮህ ከሆነ ቤትህ ሂድና ተኛ!" ማሰሪያውን አሰረና ጀልባውን አስነሣ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ባዶ የነበረው ድክመት የሚለው ቦታ ላይ ስሙን በቀይ ጻፍኩት። እሱም ተነሣ፣ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው። "በግል ምክንያት" ይላል። ቀኑን ሳየው የተጻፈው ከሁለት ቀን በፊት ነው፤ ስለዚህ የዛሬው ቁጣዬ አይደለም ያስወጣው። ይኼ የባሰ አናደደኝ።

ሰው ሲያናድደኝ የምሄደው ወጥ ቤት ነው። ምግብ የሚሠሩልን አንዲት ጠና ያሉ እናት ነበሩ፤ አሰልጣኞቹም እኔም እማማ ነው የምንላቸው። ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ድስት እያማሰሉ ይዘምራሉ፤ እኔ "በእመቤቴ" ስል "ጌታ ይስማሽ" እያሉ ያሾፉብኛል። ግምገማ ላይ ተቀምጠው አያውቁም፤ ለነገ የሚሆን ድንች እየላጡ ነዋ። ነገር ግን በመስኮቱ ሁሉንም ይሰማሉ።

ደብዳቤውን እያወዛወዝኩ ገባሁ። "ይዩልኝ እስቲ እማማ! ይኼን ያህል ደክሜበት! ፍቅር ይዞት ሥራ ይልቀቅ?"

ቢላዋውን አስቀመጡና አዩኝ። "ፍቅር?" አሉኝ። "ቲቸር፣ አንቺ ዓይን አለሽ፣ ፊሽካ አለሽ፣ ግን አታዪም። ልጁ የሚተኛ ይመስልሻል?"

"ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ለምን አይናገርም? በየሳምንቱ እየጠየቅኩት!"

"በዚያ ሰሌዳ ፊት?" ብለው ሳቁ፣ ሳቃቸው ግን የሚያስቅ አልነበረም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንቺ ግን በሽታውን ለተናገረ ስሙን በቀይ ትጽፊለታለሽ። ማን እብድ ነው የሚነግርሽ?"

ክው አልኩ። ይህን ያህል ዓመት ስገመገም እንደዚያ ያለ ሂስ ወርዶብኝ አያውቅም። እሳቸው አንድ ቢላዋ አቀበሉኝና "ተቀመጪ። የመጋዘኑን ቁልፍ ሊመልስ ይመጣል። ሲመጣ እንዳትቆጪው፣ እንዳትጠይቂው። ላጪ" አሉኝ።

ልጁ መጣ፤ ቁልፉን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ። እማማ በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ፣ አንድ ነገር አሉትና ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ ቢላዋም ሰጡት። ሦስታችንም ድንች መላጥ ያዝን። እኔ አፌን ዘግቼ መቀመጥ የታቦርን ተራራ ሁለት ጊዜ ከመውጣት የበለጠ ይከብደኛል። አምስት ጊዜ ልናገር ብዬ አምስት ጊዜ እማማ በዓይናቸው ገሠጹኝ። ድንቹ ግማሽ ሲደርስ ልጁ ቀና ሳይል በአማርኛ ጀመረ፣ ቃላቱ አልታዘዝ አሉት፣ ከዚያ ወደ ቋንቋው ዞሮ እንደ ጎርፍ ወረደ። እኔ ሀዋሳ ተወልጄ አድጌ የማውቀው ሲዳሙ አፎ ገበያ የሚያደርሰኝን ያህል ብቻ ነው፤ ያሳፍራል። እማማ እያቋረጡት ይነግሩኝ ጀመር።

ልጅቷ ናት። ከአራት ሳምንት በፊት ጀልባ ላይ፣ ሌሎቹ ወደ ፊት ሲቀድሟቸው፣ መኖር እንደማትፈልግ ነገረችው። ለማንም እንዳይናገር አስማለችው። እሱም ማለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ይደውልላታል፤ ካላነሣች በእግሩ አዲስ ከተማ ድረስ ሄዶ የእናቷ ሱቅ በር ላይ መኖሯን አይቶ ይመለሳል። ስልኩ ካልጠራም አይተኛም፣ ከጠራም አይተኛም። በየቅዳሜው ደግሞ እኔ ፊት ተቀምጦ "ሰላም ነው ቲቸር" ይላል። ቢናገር የእሱ ድክመት ሊሆን፣ ስሙ ሊጻፍበት፣ ልጅቷም ከፕሮግራሙ ልትወጣ ነው ብሎ ያስባል። አሁን ግን አልቻለም፤ ከራሱ የተሻለ ሰው እንዲይዛት ብሎ ነው የለቀቀው።

ቢላዋዬን ጥዬ ተነሣሁ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፣ ፍርሃት ነው። እሱ ዛሬ ከለቀቀ እሷን የያዛት ማን ነው? ማንም! እኔ ባዶ ሰሌዳ ይዤ ስኮራ አንዲት ልጅ በአንድ ያልተኛ ልጅ ስልክ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። "ምላሴን በቆረጠው!" አልኩ ጮክ ብዬ። ልጁ ደንግጦ አየኝ፤ እሱን የሰደብኩት መስሎት ነው።

የቀድሞ ተማሪዬ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆና እዚሁ ከተማ ትሠራለች። ደወልኩላት። "ቲቸር፣ ለነገ አትበሉት" አለችኝ። "አሁኑኑ ሂዱ። እናቷ ትወቅ፣ ልጅቷ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ይዛችኋት ኑ። እኔ እጠብቃችኋለሁ።" እኔና ልጁ በባጃጅ ወጣን። መንገዱን ሁሉ "ምዬላታለሁ፣ ቲቸር፣ ምዬላታለሁ" ይላል። "እኔ ነኝ ያስፈረስኩህ በላት፣ ኃጢአቱ በእኔ" አልኩት።

እናቲቱ ስፌት ላይ ነበረች። ነገሩን ስንነግራት የስፌት መኪናውን በእግሯ መርገጥ አላቆመችም፤ ጨርቁ አልቆ ባዶውን ይሰፋል። ልጅቷ ከጓዳ ወጥታ ሁለታችንን ስታይ ገባት። እኔን አላየችኝም፤ እሱን ነው ያየችው። "ማልክልኝ!" አለችው። ድምጿ አሁንም ይሰማኛል። እናቷ ተነሥታ አቀፈቻት፤ ልጅቷ ታገለች፣ ከዚያ አቅም አጣችና እናቷ ላይ ወደቀች። አራታችን ሐኪም ቤት ሄድን። ነርሷ ከእሷና ከእናቷ ጋር ብዙ ቆየች። ስትወጣ ግን መጀመሪያ የሄደችው ወደ ልጁ ነው። "አንተስ?" አለችው። "አንተን ማን ይዞሃል?" ያ ጉማሬ የማይፈራ ልጅ ኮሪደሩ ላይ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ሰው ፊት አላለቅስም የምል ሴት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሰሌዳው ፊት ወንበሬን አዙሬ እንደ ተገምጋሚ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን ባልቀበለውም ልጁን ለሁለት ሳምንት እረፍት ልኬው ነበርና ሦስቱ ነበሩ። ግለ ሂሴን አደረግሁ። የልጅን እንባ በእናንተ ስም ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ እንባውን ደበቃችሁልኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ያማረ ንግግር ነበር፤ ተዘጋጅቼበታለሁ። ከዚያ "እስቲ እናንተስ?" ብዬ ጠበቅኩ። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዷ ጥፍሯን ትነካካለች፣ ሦስተኛው "ሰላም ነው ቲቸር" አለኝ! ኧረ በስመ አብ፣ ልጮህ ነበር።

በመስኮቱ የእማማ ድምፅ መጣ። "ቲቸር! ድንቹ ማንን ይጠብቃል?"

ገባኝ። "ተነሡ፣ ወጥ ቤት!" አልኳቸው።

ቅጣት የመሰላቸውም ነበሩ። ዱካ ስላልበቃ ሳጥን ገልብጠን ተቀመጥን፤ ድንቹ መሐል ላይ ፈሰሰ። ሰው እጁ ሥራ ሲይዝና ዓይኑ ዓይን ሳያይ እንዴት እንደሚናገር ጉድ ነው! ሁለት ድንች ሳንጨርስ ጥፍሯን ስትነካካ የነበረችው አሰልጣኝ ሐይቁ መሐል ስትደርስ ልቧ እንደሚመታ፣ ዋና እንደማትችልም ተናገረች። ዋና አትችልም! አንድ ዓመት ሙሉ ጀልባ ላይ! ቱግ ልል ስል እማማ አንድ ድንች ወረወሩብኝ። ሌላው ከቡድኑ አንድ ልጅ በቤቱ እንደሚደበደብና ለማን እንደሚነገር እንደማያውቅ ነገረን። ሦስተኛው ምንም የለኝም ካለ በኋላ ሁሉም ሲስቅ "አባቴ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው፣ ማንም አልጠየቀኝም" አለ። እኔ ለቅሶ ደርሼ ነበር፣ ሰባት ቀን ሳይሞላ ግን ሥራ ጠርቼዋለሁ። ተነሥቼ ጉልበቱን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ሰሌዳው ፊት ማንም የለም። "ግምገማው የታለ?" ብሎ ጮኸ። "ወጥ ቤት!" አልነው ባንድ ድምፅ። ገብቶ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት እማማ ቢላዋ አቀበሉት። ድንቹን ሲልጠው ከልጣጩ ጋር ግማሹን ጣለው፤ እስከ ዛሬ ይታማበታል። የዚያን ዕለት ግን ሁለት ነገር ፈቀደልን። ነርሷ በየአስራ አምስት ቀኑ እየመጣች ከአሰልጣኞቹ ጋር እንድትቀመጥ፣ ከባድ ጉዞ የመራ ሰው ደግሞ ማግሥቱን እንዲያርፍ። እማማ በበኩላቸው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" አሉና ከዚያ የወጣው ሕግ ይህ ሆነ፤ ልጅ ምስጢር ሲነግረን አንምልም። "የሚጎዳሽ ነገር ከሆነ ብቻዬን አልይዘውም" ብለን አስቀድመን እንናገራለን።

ልጁ ከእረፍቱ ተመለሰ። ፊቱ ሞልቷል፣ እንቅልፍ አግኝቷል። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ መጀመሪያ ያወራው ግን ስለ ልጅቷ ነው። ሕክምናዋን እንደያዘች፣ እናቷም ሱቁን በጊዜ እየዘጋች አብራት እንደምትሆን ከነርሷ ሰምተናል። ወደ እኛ ግን አልተመለሰችም። ስልኩንም አታነሣለትም፤ በእናቷ በኩል "ኮችን ማየት አልፈልግም" ብላለች። "ትኑር እንጂ ትጥላኝ" አለን፣ በአማርኛ ነው ያለው። ከዚያ ስድስት ድንች በተከታታይ ላጠ።

የዙሩ መጨረሻ እሑድ የቀዘፋ ቀን ነው፤ ልጆቹ በራሳቸው ጀልባውን አስነሥተው ዞረው ይመለሳሉ፣ ቤተሰብ ዳር ቆሞ ያያል። ሦስት ሰዓት ላይ እናትና ልጅ ከባጃጅ ሲወርዱ አየሁ። ልጅቷ አሰልጣኙን አልፋው ሄደች። ሰላም አላለችውም። ላይፍ ጃኬቷን ራሷ አሰረች፣ ከዚያ ያቺ ዋና የማትችለው፣ አሁን ግን የምትማረው አሰልጣኝ ወዳለችበት ጀልባ ገባች። እሱ ዳር ቀረ። እጆቹን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ጀልባዋን ብቻ ያያል፤ እኔ ደግሞ እሱን። እናቲቱ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች። ጀልባዋ ሄደች፣ ትንሽ ሆነች፣ ዞረች፣ ቀስ እያለች አደገች። የፊተኛውን መቅዘፊያ የያዘችው እሷ ናት።

ወረደች። እግሯ እየረጠበ ቀጥ ብላ መጥታ ፊቱ ቆመች።

"ተቀይሜሃለሁ" አለችው።

"እሺ" አለ።

"በጣም ነው የተቀየምኩህ፣ ኮች።" ቀና ብላ ነው የምታየው። "ያን ቀን ዝም ብትል ኖሮ ግን ዛሬ የሚቀየምህ ሰው አይኖርም ነበር።"

ከዚያ እጇን ዘረጋችለት። ልጁ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። እናቲቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔማ ምን እንደነካኝ እንጃ፤ ለሠርግና ለጥምቀት ካልሆነ እልል ብዬ የማላውቅ ሴት አፌን ከፍቼ አቀለጥኩት። አሰልጣኞቹ ተከተሉኝ፣ ልጆቹ ተከተሉ፣ እማማም ማማሰያቸውን እንደያዙ ከወጥ ቤት እየሮጡ ወጡ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው "ማን ነው ያገባው?" ብለው ጠየቁን።

"ማንም አላገባም" አልኳቸው። "ልጃችን ተመለሰች!"